«ትንሽ ናት፣ ጨርሳት» ሲሉህ
የረጅም መንገድ ሹፌሮች የጥያቄና መልስ አምድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉልን? በዲቪ መጥቼ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። አገር ቤት አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ነድቻለሁ። እዚህ መጋዘን ስሠራ ቆይቼ የሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አንድ የአገራችን ሰው ጥቂት ትራኮች አሉት። «ና፣ እኔ ጋ ጀምር» ብሎኛል። የሚከፍለው በ1099 ነው፤ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ተቋራጭ። እሱ ጋ የሚሠራ ልጅ ግን «ሰዓትህ ሲያልቅ ‹ትንሽ ናት፣ ጨርሳት፤ ሎጉን፣ የሰዓት መዝገቡን፣ እኛ እናስተካክለዋለን› ይሉሃል» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ተቀጥረህ ምን ታገኛለህ? ትልቅ ካምፓኒ ሊዝ ፐርቸስ፣ እየተከራየህ የምትገዛው ትራክ፣ ይሰጥሃል፤ የራስህን ትራክ ያዝ» ይለኛል። ግራ ገብቶኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ይጠብቀኛል? ከማን ጋርስ ልጀምር?
የአውሮራው አንባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሲዲኤል ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ግን ከመሪው ጋር ብቻህን ልትቀር ነው። ስለዚህ ከሱ እንጀምር።

እኔም የጅቡቲ መስመር ልጅ ነኝ። ሞጆ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ። እዚያ ሹፌር መቼም ብቻውን አይደለም። ረዳት አለ። ወደ ኋላ ስትገባ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና! ሰብረው! በቃ!» ይልሃል። ጎማ በቡጢ እየመታ ይፈትሻል፣ ታኮ ያደርጋል፣ ሸራ ያስራል፣ እንቅልፍ ሲይዝህ ወሬ ይጀምርልሃል። አሜሪካ ውስጥ ረዳቱም አንተው ነህ። ትምህርት ቤት ሰፊ ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ኮኖች መካከል የገባኸው ትሬለር ሌላ ነው። ሌሊት፣ በዝናብ፣ በሁለት ትራክ መካከል፣ ከኋላህ ሦስት ሹፌር ጥሩምባ እየነፋብህ 53 ጫማ ትሬለር መክተት ሌላ ነው።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ትወርዳለህ። ፍሬኑን ስበህ፣ ከእጅና ከእግርህ ሁልጊዜ ሦስቱ ትራኩን እንደያዙ ወርደህ ዞረህ ታያለህ። ጣሪያውን፣ ምሰሶውን፣ የጎረቤትህን መስታወት። ተመልሰህ ትንሽ ትገባለህ። ከተጠራጠርክ እንደገና ትወርዳለህ። ጥሩምባ የሚነፋብህ ሰው የሰበርከውን መስታወት አይከፍልልህም። ከቻልክ ሁልጊዜ በግራ በኩል፣ በመስኮትህ የምታየውን ጎን መርጠህ ግባ። የቀኙ ጎን ዓይን የለውም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፍሬን። ይህን ነገር ፈተና ላይ እንደ ግጥም ሸምድደው ካለፉ በኋላ የሚረሱት ብዙ ናቸው። ታኮ አድርግ። ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን ብቻ መልሰህ ክፈት። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለቱን የፓርኪንግ ፍሬን ቁልፎች፣ ቢጫውንና ቀዩን፣ ወደ ውስጥ ግፋ። የእግር ፍሬኑን እስከ ታች ረግጠህ አንድ ደቂቃ ያዝ። የአየር ግፊት መርፌው ከ4 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ አየር እየወጣ ነው፤ አትንቀሳቀስ። ካልወረደ ፍሬኑን ደጋግመህ ምታ። 60 አካባቢ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። አሁንም ቀጥል። ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ሁለቱ ቁልፎች ራሳቸው «ጧ!» ብለው ይወጣሉ። ካልወጡ፣ አየር ያለቀብህ ቀን መኪናህን የሚይዝልህ ነገር የለም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው።

አውሮራ ስለሆንክ አይ-70 አውራ ጎዳናን ሳትወድ በግድ ታውቃታለህ። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። ከዋሻው ወደ ምዕራብ ስትወርድ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ይደርሳል። 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ይዘህ በእግር ፍሬን ብቻ ልውረድ ካልክ የፍሬኑ ሸራ ይነዳል። ከጫፉ ሳትነሳ ማርሽ ቀንስ፣ ሞተር ፍሬን ክፈት። ለምሳሌ በሰዓት 40 ማይል ልውረድ ብለህ ከወሰንክ፣ ፍጥነቱ 40 ሲነካ ጠንከር አድርገህ ወደ 35 አውርደው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እግርህን ፍሬኑ ላይ አሳርፈህ አትውረድ። ጭስ ከሸተተህ ደግሞ የማምለጫ መንገዱ የተሠራው ለአንተ ነው። ግባበት። ልቅ ጠጠሩ ትራኩን ይዞ ያስቀረዋል፤ ቢበዛ የመጎተቻ ትከፍላለህ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኤፕሪል 2019 እዚሁ እናንተ ጋ፣ ሌክውድ ላይ፣ ፍሬን ያጣ ትራክ የቆሙ መኪኖች ላይ ወጥቶ አራት ሰው ሞቷል። ሹፌሩ ወጣት ነበር። የማምለጫ መንገዱን አልፎት ነበር። 110 ዓመት ተፈረደበት። ብዙ ሕዝብ ጮኸለትና የግዛቲቱ ገዥ በዲሴምበር 2021 ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረገለት። ፍርድ ቤት ቆሞ የተፈረደበት ሹፌሩ ነው። ይህን ያዝና «ትንሽ ናት፣ ጨርሳት» ወደሚልህ ዲስፓቸር፣ ከቢሮ ሆኖ ጭነት ወደሚመድብልህ ሰው፣ እንምጣ።

ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ግን ባጭሩ ልድገመው። ከ10 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ትችላለህ። 8 ሰዓት ከነዳህ 30 ደቂቃ ማቋረጥ አለብህ። በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሞላህ፣ ወይ ሰዓቱ እስኪመለስልህ ትጠብቃለህ፣ ወይ 34 ሰዓት አርፈህ ከዜሮ ትጀምራለህ። አዲስ ሹፌርን የሚያስለቅሰው ግን የ14 ሰዓቱ ነው፤ ሥራ ከጀመርክ ከ14ኛው ሰዓት በኋላ መንዳት አይፈቀድም። ሥራ ከጀመርክ በኋላ ያ ሰዓት አይቆምም። መጋዘን በር ላይ አምስት ሰዓት ቢያስጠብቁህ እየበላህ ነው የሚሄደው። ዲስፓቸሩ የሚደውለው ያኔ ነው። «የቀረችው አንድ ሰዓት ናት። ወንድሜ፣ አታሳፍረኝ፣ ጭነቱን ያገናኘን ብሮከር እየጮኸብኝ ነው።»

ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል። እሱም ዕዳ አለበት። አንተም ይሉኝታ ይይዝሃል። ሥራ ሰጥቶሃል፣ ምናልባት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሳለሙት። ለዚህ ነው ስልክ ላይ አትከራከር የምልህ። ስልክ ላይ ይሉኝታ ያሸንፋል። ጽሑፍ ላክ። «ሰዓቴ 40 ደቂቃ ቀርቶታል። 25 ማይል ላይ ማቆሚያ አለ፤ እዚያ አድራለሁ። ነገ ጠዋት እደርሳለሁ።» በቃ። ስድብ የለ፣ ምክንያት መደርደር የለ። «ሂድ ብያለሁ» ብሎ ከጻፈልህ ደግሞ ማስረጃውን በገዛ እጁ ሰጠህ። ሹፌርን ከሕግ ውጭ እንዲነዳ ማስገደድ ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ለፌደራሉ የትራክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኤፍኤምሲኤስኤ፣ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት ትችላለህ። እምቢ በማለትህ ከሥራ ካባረረህ ደግሞ ለሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ለኦሻ፣ የምታመለክትበት 180 ቀን አለህ። እንቅልፍና ሕመምም እንደዚያው ነው። ሰዓት ቢኖርህ እንኳ ከደከመህ መንዳት ክልክል ነው። መንገዱ ከከፋም ሕጉ ራሱ «አቁም» ነው የሚለው።

«ሎጉን እናስተካክለዋለን» የሚለውን ነገር በተለይ ስማኝ። ትራኩ ላይ ያለው የሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ ራሱ የመዘገበውን የመንዳት ሰዓት ማሳጠር አይፈቀድም። ካምፓኒው ሌላ ማስተካከያ ቢያቀርብ እንኳ ተቀብለህ የምታረጋግጠው አንተ ነህ። ስለዚህ ከቢሮ ሰዓት «የሚጨምሩልህ» ከሆነ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ ነው የምትፈርመው። አደጋ ቢደርስ የነዳጅ ደረሰኝህ፣ የስልክህ መስመርና የሚዛን ጣቢያው ካሜራ ሁሉም እውነተኛውን ሰዓት ይናገራሉ። ዲስፓቸሩ ያን ቀን ስልክ አያነሳም።

እንግዲህ የአገር ልጅ ጋ አትሥራ እያልኩ አይደለም። ስንቱ እንጀራ የበላው በዚሁ ነው። ከትልቅ ካምፓኒ በላይ ለሹፌሩ የሚጨነቁም አይቻለሁ። አንተ ግን ከመፈረምህ በፊት የዲኦቲ ቁጥሩን፣ ካምፓኒው በመንግሥት የተመዘገበበትን ቁጥር፣ ጠይቀው። የኤፍኤምሲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገባው። ስንት ጊዜ እንደተፈተሸና ስንት ጊዜ መኪናውም ሹፌሩም እንደታገዱ በነፃ ታያለህ። ከዚያ ትራኩን ራሱን እየው። ጎማውን፣ የፍሬኑን ሸራ፣ መብራቱን። «ሹፌሮችህ የሚጠብቁበት ሰዓት ይከፈላል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ሳይሆን ፊቱን አስተውል።

1099ን በተመለከተ ሒሳቡን አስላው። በማይል 60 ሳንቲም ብለህ ሳምንት 2,500 ማይል ብትነዳ 1,500 ዶላር ነው። ደስ ይላል። ደብሊው-2 ላይ፣ ማለትም በመደበኛ ቅጥር፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከአንተ የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ነው፤ ሌላውን እኩሌታ አሠሪው ይከፍላል። 1099 ላይ ግን 15.3 በመቶው በሙሉ የአንተ ነው፤ የገቢ ግብሩ ሳይቆጠር። ብትጎዳም አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛ ካሳ መድን አይሸፍንህም። ትራኩ የእሱ፣ ጭነቱን መራጭ እሱ፣ መነሻ ሰዓትህን ወሳኙ እሱ ከሆነ አንተ በሕግ ዓይን ተቀጣሪ ለመባል በጣም ትቀርባለህ። «ደብሊው-2 አድርግልኝ» ማለት ነውር የለውም። እምቢ ካለና ከገባህበት፣ ከእያንዳንዱ ቼክ ለግብር አስቀምጥ። ኤፕሪል ላይ የሚያለቅስ ሹፌር ሞልቷል።

ሊዝ ፐርቸሱን ባጭሩ፦ አሁን አይሆንም። የባለቤትህ ወንድም ክፉ አልመከረህም፤ የራስ ንብረት መያዝ ለሁላችንም ሕልም ነው። ነገር ግን ጭነቱን የሚሰጥህም፣ ትራኩን የሚያከራይህም፣ ከቼክህ የሚቆርጠውም አንድ ካምፓኒ ነው። ሳምንቱ ጭነት ከሌለው ኪራዩ ይቀጥላል። ዕዳ ውስጥ ትገባለህ፣ ስትወጣ ትራኩ እዚያው ይቀራል። ይህን ነገር እንዲያጠና በፌደራል ደረጃ የተቋቋመው ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለው ውል ጨርሶ ይታገድ ብሏል። መጀመሪያ አንድ ዓመት ንጹሕ ልምድ ያዝ። መድን ሰጪዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ትራክ ልግዛ ብትል ባንክ ገብተህ በስምህ ግዛ።

ለክረምቱ ሁለት ነገር። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ሰንሰለት ሳትይዝ አትለፍ፤ ሕግ ነው። ጎማ ላይ ማሰሩን ደግሞ ፀሐይ ባለበት ቀን ግቢህ ውስጥ ተለማመድ። በበረዶ፣ በጨለማ፣ ጓንት አድርገህ መንጠቆውን መፈለግ ሌላ ፈተና ነው። ሁለተኛው ዋዮሚንግ ነው። አይ-80 ላይ ከላራሚ እስከ ሮሊንስ፣ በኤልክ ማውንቴን በኩል ያለው ነፋስ አይቀለድበትም። የሚያስፈራው የተጫነው ሳይሆን ባዶው ትሬለር ነው። እኛ ሚሌ ላይ ነፋስ ስንል ፊት የሚለበልብ ትኩስ አየር ነበር፤ ይሄኛው ግን ትራክ ገልብጦ ይጥላል። መንገዱ ለባዶ መኪና ተዘግቷል ካሉህ ላራሚ ላይ ቡናህን ጠጣ። ዲስፓቸሩ ቢደውል የመንገድ መዝጊያውን ማስታወቂያ ፎቶ አንስተህ ላክለት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርህ ባልፍ ይቆጨኛል። ጫት። አገር ቤት የጅቡቲ መስመር ያለ ጫት አይታሰብም የሚል ሹፌር ሞልቷል። እዚህ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ እጅግ ከተከለከሉት ጎራ ነው። «ቅጠል ነው» አያድንህም። ኮሎራዶ የፈቀደችው ማሪዋናም ለሲዲኤል ባለቤት አልተፈቀደም። ማሪዋና አንዴ በምርመራ ከተገኘብህ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የሹፌሮች የዕፅ ምርመራ መዝገብ ላይ ትገባለህ፤ አዲስ የሚቀጥርህ ካምፓኒ ሁሉ ያየዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ ቲም ሆነን፣ አንድ ትራክ እየተፈራረቅን፣ ለመንዳት ሁለታችንም ሲዲኤል እየተማርን ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ደህና ነው። የእሱ ግን ደካማ ነው። ፖሊስ ቢያስቆመን እኔ ላስተረጉምለት እችላለሁ? ደግሞስ ባልና ሚስት አንድ ትራክ ውስጥ ይቻላል እንዴ?
እህትዎ፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ እህቴ፣ ማስተርጎም አይቻልም። ሕጉ ራሱ አዲስ አይደለም። የንግድ ትራክ ሹፌር ከሰው ጋር ለመነጋገር፣ ምልክት ለማንበብ፣ ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ለመስጠትና መዝገብ ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ሊኖረው ይገባል። ከጁን 25፣ 2025 ወዲህ ግን ይህን ያላሟላ ሹፌር እዚያው መንገድ ላይ ከመንዳት ይታገዳል። ፍተሻው በእንግሊዝኛ ይጀምራል። መጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ቀጥሎ የመንገድ ምልክት ማወቁ ይታያል። አስተርጓሚ፣ የስልክ መተርጎሚያም ሆነ ጽሑፍ የያዘ ካርድ በቃለ መጠይቁ ላይ አይፈቀድም። አንቺ ካቢኑ ውስጥ ካለው አልጋ ላይ ሆነሽ ብትመልሺለት እሱን አይጠቅመውም።

ተስፋ አትቁረጡ፤ የሚጠየቀው ነገር ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? ምን ጭነሃል? ዛሬ ስንት ሰዓት ነዳህ? የጭነት ወረቀትህ የት ነው? መብራትህን አብራ፣ ፍሬን ርገጥ። በየማታው አንቺ ፖሊስ ሁኚ። እሱ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ደብተሩን ግን ከእጁ ቀሚው፤ የሸመደደ ሰው ጥያቄው በሌላ ቃል ሲመጣ ይደነግጣል። መንገድ ላይ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ባያችሁ ቁጥር ጮክ ብሎ አንብቦ ትርጉሙን ይንገርሽ። ካልበቃው የመጀመሪያዎቹን ወራት አንቺ ብቻሽን ከአንድ ካምፓኒ ጋር ጀምሪ፤ እሱ ቋንቋውን ይያዝ። እንጀራ ተጋግሮ እስኪወጣ ምጣዱ ይጠበቃል፤ ይሄም ያው ነው።

ባልና ሚስት ቲም? አሳምሮ ይቻላል። አንዱ ሲነዳ ሌላው አልጋው ላይ ያርፋል። ትራኩ ሌት ተቀን ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ካምፓኒዎች ቲም የሚወዱት። ችግሩ እንቅልፉ ነው። የሚንቀጠቀጥ አልጋ ላይ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር እየተንሸራተቱ መተኛት ይለመዳል፤ ግን ወዲያው አይለመድም። የአልጋውን መያዣ ቀበቶ ሳታስሪ አትተኚ። ደግሞ አንድ ስምምነት ይኑራችሁ። የሚነዳው «ደከመኝ» ካለ ሌላው ሳይነጫነጭ ይቀበል፤ ሰዓት ከሌለው ደግሞ ትራኩ ይቁም። ኩርፊያ ካለ ግን ቀድማችሁ ታረቁ። ካቢኑ ጠባብ ነው፤ ኩርፊያ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን መንገድ ላይ ልይዝ ነው። ትራክ ስቶፕ ያለው ሁሉ ሥጋና አይብ ነው። ምን ልብላ?
ከዳላስ

መልስ፦ አያቶቻችን በቅሎ ይዘው ሲጓዙ የበሉትን ብላ። ድርቆሽ። እንጀራውን ቤት አድርቀህ በካርቶን ያዝ፤ ሳምንታት ይቆያል፣ ፍሪጅ አይፈልግም። በርበሬውን፣ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ቤት አቁላልተህ በትንንሽ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ። ማታ ስትቆም በ12 ቮልት የሚሠራውን የምሳ ሣጥን ማሞቂያ ሰክተህ ቁሌቱን አሙቅ፤ ድርቆሹን ውኃ ነክተህ ጨምርበት። ፍርፍር ወጣልህ። ብዙ ካምፓኒ በካቢን ውስጥ እሳት ያለው ምድጃ ይከለክላል፤ ስለዚህ የጋዝ ምድጃህን ቤት ተወው። ሽሮም በዚያው ማሞቂያ ይሠራል፤ ግን ጊዜ ይፈጃል። መስኮት ከፍተህ ሥራው፤ ነገ ትራኩን የሚረከብህ ሰው ሽታውን ላይወደው ይችላል።

ቀን ቀን ቆሎና በሶ ይበቃሃል። ቆሎው እንቅልፍ ለማባረርም ይረዳል፤ የሚያኝክ ሰው ቶሎ አያንቀላፋም። በሶውን ግን በስስ ላስቲክ ቋጥረህ ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጠው። በማሰሮ መሰል ዕቃ ክተትና «የገብስ ዱቄት» ብለህ በእንግሊዝኛ በትልቁ ጻፍበት። ለፖሊስ በሶ ምን እንደሆነ ከማስረዳት እሱ ይቀላል።